የተረፈ ሰዓት

ማስመሪያ አስቀምጬ ካርታው ላይ ለካሁት፤
ከአባ ሰጉድ ቦሌ በእርሳስ አሰመርኩት።
ሁለት መቶ ስድሳ ኪሎ ሜትር ግድም፣
ዳገት የማይወጣ፣ ቁልቁል የማይወርድም።
አባቴ ጎንበስ አለ፣ መነጽሩን ሰቅሎ፤
"ይሄ ምኑ መንገድ? ሰርቦስ የታል?" ብሎ።
"አሰንዳቦስ? ያቺ ጎማ የምንነፋባት?
ሰኮሩስ? ምሳችን ሁሌ የሚረፍድባት?"

የት እንደሄዱ እንጃ።
ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው፤
ሦስት መቶ ሃምሳውን በክንዱ የሚያውቀው፤
የቱ ኩርባ ላይ ማርሽ እንደሚቀነስ፣
የቱ ላይ ጥሩምባ ለማን እንደሚደርስ።
ዘንድሮ ኩላሊቱ "ወንበር በቃኝ" አለ፤
ቀጠሮው ማክሰኞ፣ ጥቁር አንበሳ ተባለ።
እኔም ከደመወዜ ቆንጥሬ፣ ተበድሬ፣
የመስኮቱን ቦታ ያዝኩለት ተከራክሬ።

ሰኞ አስራ ሁለት ሰዓት፣ መንገዱ ሳይታይ፣
የገመቹ አውቶቡስ አለፈ በራችን ላይ።
አባቴ በረንዳው ላይ፣ ሻዩን እንደያዘ፣
እጁን ሳያነሳ፣ ጆሮው አብሮ ተጓዘ።
"ሁለተኛ... ሦስተኛ... ይኸው ክላቹን ጠጣው!
ስንቴ ነገርኩት ለዚህ ልጅ፣ እግሩን እንዲያወጣው።"

የእሱ በረራ ሁለት ሰዓት ከአስር።
ሻንጣ የለውም። ለአክስቴ የያዘላት
ባለ ሦስት እግር በርጩማ ብቻ፣
ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች፣ የጅማ እጅ ያለባት።
ሚዛን ላይ ስትወጣ አራት ኪሎ አለች።
"እሱ እንኳ ሰፈር ነው" አለ መዛኙ፤ ሰልፉ ሳቀ።
አባቴ አልሳቀም። ቀበቶውን ሲፈታ
እጁ ሲንቀጠቀጥ አየሁት፤
ጊቤን በሌሊት የወረደ እጅ።

ባጃጅ ይዤ ተመለስኩ። ዝናብ ጀመረ።
አዌቱ ድልድይ ጋ ጎማው ፈነዳ፤
ሹፌሩ መፍቻ ሊዋስ ሄዶ በዚያው ቀረ።
ስልኬ ጮኸ።
"ወረድኩ።"
"ምን ሆንክ አባ? ለምን ወረድክ?"
"ደረስኩ ልጄ። አርባ አምስት ደቂቃ ነው አሉ፤
እኔ ሃያ ነው የመሰለኝ።"
እኔ ቤቴ ለመድረስ ገና ሁለት ኪሎ ሜትር ቀርቶኛል።

"ጊቤን አየሁት" አለኝ። "የጫማ ማሰሪያ ያክላል።
ሽኩር የወደቀበትን ገደል
በአውራ ጣቴ ሸፈንኩት፤ ሙሉ በሙሉ ተሸፈነ።
ፍሬን እየሸተተኝ አንድ ሰዓት የምወርደው ቁልቁለት
ልጅቷ ውሃ ቀድታ እስክትሰጠኝ አለቀ።
ጥሩምባ ላሰማለት አልኩ፤ ጥሩምባ የለም።
ፋቲሃ ጀመርኩለት፤ መሃሉ ላይ ስደርስ
ጎረቤቴ 'ወልቂጤ' አለኝ በጣቱ።"
ትንሽ ዝም አለ።
"አሁን ሦስት ሰዓት ነው። ገመቹ የሚገባው ስምንት።
አምስት ሰዓት ተረፈኝ፤ የት ላስቀምጠው?"

አክስቴ ቦሌ በር ላይ ስትፈልገው ዋለች።
እሱ ታክሲ ጠይቆ አየር ጤና ወርዷል፤
አስፋልቱ ዳር፣ የጅማ መኪና የሚገባበት ጋ፣
በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብሎ
ከሰበታ የሚመጣውን ታርጋ ሁሉ ያነባል።
ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ደወለልኝ። ከኋላው የፍሬን ጩኸት፣
ከዚያ የገመቹ ድምፅ፤ "ጋሽ ናስር! መቼ ቀደሙኝ?"
"ተወው እሱን። ሽኩር ጋ ስትደርስ ነፋህ?"
"ነፋሁ።"
"ሁለቴ?"
"ሁለቴ።"
"ክላቹን ግን..." ሲል ስልኩ ተቋረጠ።

በርጩማዋን እዚያው ረሳት።
ገመቹ በማግስቱ ጣራው ላይ ጭኖ መለሳት፤
በሰማይ አርባ አምስት ደቂቃ፣ በምድር ስምንት ሰዓት፣
አንድ እግሯ ላይ የወሊሶ ጭቃ ደርቆባት።

ይሄን የምጽፈው እሷ ላይ ቁጭ ብዬ ነው።
ካርታው ጉልበቴ ላይ ነው። መስመሩን አልሰረዝኩትም፤
ጊቤ ጋ ስደርስ ብቻ
እርሳሱን ሁለት ጊዜ ጠበቅ አደርገዋለሁ።